በወር 15 ዶላር፣ የትኛውን ኮሚክስ ልከተል?

«ታላላቆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ መምህር ነኝ። ባትማንንና ስፓይደርማንን በስልኬ እየለቃቀምኩ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱን ከመሃል፣ ሌላውን ከጫፍ። አሁን አሜሪካ ያለችው እህቴ በወር እስከ 15 ዶላር ድረስ ኮሚክስ እየገዛች ልታስቀምጥልኝ፣ ለገናና ለክረምት በሚመጣ ሰው እጅም ልትልክልኝ ቃል ገብታልኛለች። ‹የምትፈልጋቸውን ጽፈህ ላክልኝ› ስትለኝ ግን ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። የባትማን ብቻ ስንት ዓይነት ነው! የትኛውን ልከተል? ከስንተኛው ቁጥር ልጀምር? ቤት ውስጥ የ11 ዓመት ወንድሜም አብሮኝ ያነባል።
ታናሻችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ»

ውድ ታናሻችን፣ እኛ ደህና ነን፤ አንተስ እንደምን ከርመሃል? የጀግኖቹን ነገር ትንሽ እናቆየውና ሒሳቡን እናስቀድም። ግማሹ ጥያቄህ እዚያው ይመለሳል።

አንድ ወርኃዊ የኮሚክስ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) እትም በሽቦ የተሰፋ፣ ባብዛኛው ባለ 32 ገጽ ቀጭን መጽሔት ነው። ታሪኩ ከ20 እስከ 22 ገጽ ይይዛል፤ የቀረው ማስታወቂያ ነው፣ አንዳንዴም የአንባቢ ደብዳቤ። ዋጋው አሁን አሁን ወይ 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው ወይ 4 ዶላር ከ99። ባለ 4.99ኙን ሦስት ብትገዛ 14 ዶላር ከ97 ሳንቲም ይሆናል። እህትህ ያለችበት ግዛት የሽያጭ ግብር የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ 15ቱ ታለፈ። እንግዲህ ጣሪያህ ሦስት እትም ነው። እኛ ግን አንድ ብቻ ያዝ ነው የምንልህ፤ ምክንያቱን ስንደርስበት ታየዋለህ።

«ወርኃዊ» የሚለው ቃልም ያታልላል። የባትማን አሳታሚ ዲሲ በ2016 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) «ባትማን»ንና ሌላውን የባትማን ተከታታይ ዲቴክቲቭ ኮሚክስን በወር ሁለት ሁለት ጊዜ ያወጣ ጀመር። የሌላው አሳታሚ የማርቨል አሜዚንግ ስፓይደርማንም በወር ከአንድ በላይ ሲወጣ የቆየባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን አንዱን ብቻ ብትይዝ ከ8 እስከ 10 ዶላሩ ሄደ። ስለዚህ አንድን ተከታታይ ከማዘዝህ በፊት ባለፉት 12 ወራት ስንት እትም እንደወጣለት ቁጠር። 11 ወይም 12 ከሆነ እውነትም ወርኃዊ ነው። 18 ወይም 20 ከሆነ ኪስህን አስብ። 6 ወይም 7 ከሆነ ደግሞ ወይ እየዘገየ ነው ወይ በየመሃሉ እረፍት ይወስዳል፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስትቆጥር ሱቅ የገባበትን ቀን ያዝ። እትሙ ላይ የሚታተመው ወር ከእውነተኛው መውጫ ሁለት ወር ያህል ወደፊት የተገፋ ነው፤ «ጁን» የሚለው ኤፕሪል ላይ ወጥቶ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የጠየቅኸን የትኛውን ጀግና እንደምትከተል ነው። መልሳችን ጀግናውን አትከተል ነው።

አንተ ጎጃም ተቀምጠህ ይህን ለመረዳት አይቸግርህም። የቅኔ ተማሪ ዲማ ወይም ዋሸራ የሚወርደው የመምህሩን ዝና ሰምቶ ነው፤ መምህሩ ሲያልፍ ወይም ሲነሣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላው ይሻገራል። የደብሩ ስም ግን እንዳለ ይኖራል። ባትማን ከ1939 ጀምሮ አለ፤ ደብሩ እሱ ነው። ባለቤቱ ኩባንያው ነው፤ ደራሲውና ሠዓሊው ግን ለተወሰነ ጊዜ ገብተው የሚሠሩ ናቸው። የማርቨሉን ጀግና ዴርዴቪልን ውሰድ። በ1964 የተጀመረ ነው። ፍራንክ ሚለር በ1979 በሠዓሊነት ሲገባበት ተከታታዩ በየሁለት ወሩ የሚወጣ፣ ገበያው የቀዘቀዘ ነበር። በ1981 ሚለር ድርሰቱንም ጠቀለለው፤ ከዚያ ወዲህ ዴርዴቪል ወርኃዊ ሆነ፣ ስሙም ገነነ። ጀግናው ያው ዓይነ ስውር ጠበቃ ነው፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

«ከስንተኛው ቁጥር ልጀምር?» ላልከውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል፦ አሁን ያለው ደራሲ ከገባበት የመጀመሪያ ቁጥር። ከዚያ በፊት ያለውን አላነበብኩም ብለህ አትጨነቅ፤ አዲስ ደራሲ ሲገባ አዲስ አንባቢ እንዲገባ አድርጎ መጀመር የሙያው ደንብ ነው። የ60 ዓመቱን ስፓይደርማን ከሥሩ አነባለሁ ያለ ሰው አሥረኛው ቁጥር ሳይደርስ ይሰለቻል።

ቁጥሩን ብቻ ይዘህ ግን እንዳትሄድ። አሜዚንግ ስፓይደርማን «ቁጥር 1» ብሎ የወጣው በ1963፣ በ1999፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2018፣ በ2022 እና በ2025 ነው። ዲሲም በሴፕቴምበር 2011 ሃምሳ ሁለት ተከታታዮችን በአንድ ወር ከቁጥር 1 አስጀምሯል። ከ1938 ጀምሮ ሲቆጥር 904 የደረሰው የሱፐርማን ተከታታይ አክሽን ኮሚክስ ያኔ ወደ 1 ተመለሰ፤ በ2016 ደግሞ የቀድሞውን ቆጠራ ይዞ 957 ሆኖ ብቅ አለ። አንዳንዱ ሽፋን አዲሱንና የድሮውን ቆጠራ አጣምሮ ሁለት ቁጥር የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለእህትህ ስትጽፍ ርዕሱን፣ አሳታሚውን፣ ተከታታዩ የጀመረበትን ዓመትና ቁጥሩን አንድ ላይ ጻፍ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የማትፈልገው መጽሔት አባይን ተሻግሮ ይመጣልሃል።

ሰው ሁሉ የደራሲውን ስም ይጠይቃል፤ እኛ ሠዓሊውን አጥብቀህ ተመልከት እንልሃለን። ደራሲ በአንድ ወር ሦስትና አራት ተከታታይ ሊጽፍ ይችላል። ሠዓሊው ግን ነድፎ፣ በጥቁር ቀለም አጥርቶ የሚጨርሰው በቀን አንድ ገጽ ገደማ ነው። ሃያ ገጽ ማለት ቅዳሜና እሑድ ሲቀነስ የወሩ የሥራ ቀን በሙሉ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ቢታመም ወይም ልጅ ቢወለድለት ቀኑ ያልፋል። ያኔ አሳታሚው ሁለት ምርጫ አለው፦ ማዘግየት፣ ወይም ሌላ ሠዓሊ ማስገባት። በወር ሁለቴ የሚወጣ ተከታታይ ደግሞ ያለ ተለዋጭ ሠዓሊ ጨርሶ አይሆንም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ያለፉትን ስድስት እትሞች የመጀመሪያ ገጽ አይተህ የሠዓሊውን ስም ጻፍ። አንድ ሰው አራቱን ወይም ከዚያ በላይ ከሠራ ጥሩ ነው። ሁለት ሠዓሊ ተራ ገብቶለት የሚሠራውም ይነበባል፤ በ2024 በጆናታን ሂክማን ድርሰት የተጀመረው አልቲሜት ስፓይደርማን ዋና ሠዓሊው ማርኮ ኬኬቶ ሲሆን በየመሃሉ ዴቪድ ሜሲና ይተካው ነበር፤ የሁለቱ እጅ ስለሚቀራረብ ዓይንን አይቆረቁርም። በስድስት እትም አራት ስም ካየህ፣ ይባስ ብሎም በአንድ እትም ውስጥ ሦስት ሰው ሥሎ ካገኘኸው ተወው። ባለፈው ገጽ ያወቅኸውን ፊት በሚቀጥለው ገጽ ማን እንደሆነ ስትፈልግ ታሪኩ ያመልጥሃል። አልቲሜት ስፓይደርማን የሚል ሌላ ተከታታይም በ2000 ተጀምሮ ነበር፤ እዚያ ላይ ደራሲው ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሠዓሊው ማርክ ባግሊ ሳይለያዩ 111 እትም ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ጽናት ብርቅ ነው። ዓመቱን ጻፍ ያልንህም ለዚህ ጭምር ነው፤ ስሙ አንድ፣ ታሪኩ ሌላ።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ክሮስኦቨር የሚሉት ነው፦ አንድ ታሪክ በብዙ ተከታታይ ውስጥ ተበትኖ ይሄዳል። የማርቨል ሲቪል ዋር በ2006 እና በ2007 ሲወጣ ዋናው 7 እትም ብቻ ነበር፤ ጅራቱ ግን በብዙ ሌሎች ተከታታዮች ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። ምልክቱ ሽፋኑ ላይ ነው፤ ከተከታታዩ ስም በላይ ሌላ ትልቅ ርዕስ ተለጥፎ ካየህ፣ ወይም የመጨረሻው ገጽ «ታሪኩ በእገሌ ቁጥር ይህን ያህል ይቀጥላል» ካለህ፣ ገብተህበታል። በ15 ዶላር ይህን ማሳደድ አይቻልም። ሙሉ በሙሉ የምታመልጠውም ለብቻው በተከለለ ዓለም ውስጥ ያለ ተከታታይ ስትመርጥ ነው። በኦክቶበር 2024 በስኮት ስናይደር ድርሰትና በኒክ ድራጎታ ሥዕል የተጀመረው አብሶሉት ባትማን እንዲህ ያለ ነው፤ ከሌሎቹ የባትማን ርዕሶች አንዱንም ሳታነብ ትገባበታለህ። ከላይ ያልነው የ2024ቱ አልቲሜት ስፓይደርማንም እንደዚሁ የራሱ ዓለም አለው።

ሌላ መውጫም አለ፦ ባለቤትነቱ የኩባንያው ሳይሆን የፈጠሩት ሰዎች የሆነ ሥራ። ዘ ዎኪንግ ዴድን ሮበርት ከርክማን ከ2003 እስከ 2019 ድረስ 193ቱንም ቁጥር ራሱ ጻፈው፤ ከሰባተኛው ጀምሮ ቻርሊ አድላርድ ሣለው፤ ማንም መጥቶ አልነካባቸውም። ሲበቃውም አስቀድሞ ሳያስታውቅ ዘጋው። የዚህ ዓይነቱ ተከታታይ እረፍት ያበዛል፤ በሠዓሊው ምትክ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው አያስገቡበትምና። ሳጋ በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ስድስት ያህል እትም ወጥቶ ጥቂት ወር የሚቆምበት ልማድ ነበረው፤ በጁላይ 2018 ከ54ኛው ቁጥር በኋላ ግን ቆሞ 55ኛው የወጣው በጃንዩዋሪ 2022 ነው። እረፍት የሚባለው እንዲህ ነው፤ ሲመለስ ያው ደራሲ፣ ያው ሠዓሊ ነበሩ። የሚያስጠላው የማይታወጀው መዘግየት ነው፦ በየወሩ «በሚቀጥለው» እየተባለ ታሪኩ መሃል ላይ አንጠልጥሎ የሚተውህ። አንድ ነገር ልብ በል፤ ሁለቱም፣ በተለይ ሳጋ፣ ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው። የ11 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚተዉ አይደሉም።

እንግዲህ የአንተን ሁኔታ ከዚህ ጋር እናገናኘው። ወርኃዊ እትም የሚጥመው በወሩ ሲነበብ ነው። አንተ ጋ የሚደርሰው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ስድስት ስድስቱ በአንድ ሻንጣ። ስድስት እትም ማለት ደግሞ አንድ ዙር ታሪክ ማለት ነው። አሳታሚዎች ታሪኩን በአምስት ወይም በስድስት እትም የሚጠቀልሉት በኋላ በአንድ ጥራዝ ሊያሳትሙት አስበው ነው። ስድስት እትም በ3.99 ዋጋ 23 ዶላር ከ94 ሳንቲም ነው፤ በ4.99 ከሆነ 29.94። ያው ስድስቱ በወረቀት ሽፋን ሲጠረዙ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ዶላር ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያ የለባቸውም፣ ጀርባቸውም መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ጥራዙ የዙሩ መጨረሻ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢመጣም፣ የአንተ ሻንጣ ከዚያ አይፈጥንም። ስለዚህ ባትማንንም ስፓይደርማንንም በጥራዝ ግዛ። ለእነሱ የአንተ ወርኃዊ ትእዛዝ ባይኖርም አይሞቱም።

ታዲያ ያ አንዱ ወርኃዊ ምን ይሁን? አጭር ተከታታይ፦ ሽፋኑ ወይም ማስታወቂያው ላይ «ቁጥር 1 ከ5» የሚል። አምስት እትም በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል፤ ሻንጣው ሲመጣ ሙሉ ታሪክ ይዞልህ ይመጣል። ሄልቦይ በ1994 የጀመረው ባለ 4 እትም አጭር ተከታታይ ሆኖ ነው፤ ማይክ ሚኞላም ከዚያ ወዲህ ብዙውን ታሪክ የሠራው እንዲህ በአጭር በአጭሩ እያደረገ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ሱቆች ከአሳታሚው የሚያዙት ሁለትና ሦስት ወር አስቀድመው ሲሆን፣ ያልተሸጠውን በአብዛኛው መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ስሙ ያልታወቀ ሥራ ሲሆን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ትእዛዙ ከመጀመሪያው በብዙ ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት ስንቱ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቁጥር ይዘጋል። ወርኃዊ ገንዘብህ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ወር ጠብቀህ ሲመጣልህ ግን በአንድ ቅዳሜ እንዳትጨርሰው፤ እያንዳንዱ እትም ወር የሚያስናፍቅ ማብቂያ ተሠርቶለታልና ቢያንስ በሳምንት አንድ አድርገህ አንብበው።

ተከታታይ መተውም ሥርዓት አለው። ሦስት እትም አንብበህ ካልጣመህ አራተኛው ላይ ጣዕሙ የሚመለሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ዙሩን ጨርሰህ ተው። ግማሽ ዙር ለራስህም ሆነ ለምታውሰው ሰው አይሆንም። እህትህ በሱቁ ማስያዣ ዝርዝር ላይ አስመዝግባልህ ከሆነ ደግሞ ዛሬ «በቃኝ» ብትል ነገ አይቆምም፤ ሱቁ ቀድሞ ያዘዘው የሁለትና የሦስት ወር ስላለ ቀድማ ትንገራቸው፣ የታዘዘውንም ትግዛ። ተለዋጭ ሽፋን የሚሉትን አትንካ፤ ውስጡ አንድ ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚጨምረው።

የማታውቀውን ለመቅመስ ስልክህ ይበቃል። የጃፓኑ አሳታሚ ሹዌሻ የሚያወጣው ማንጋ ፕላስ የተባለ መተግበሪያ የተከታታዮቹን የመጀመሪያና የቅርብ ምዕራፎች በነፃ ያስነብባል፤ ዌብቱን የተባለው መተግበሪያም ብዙውን በነፃ ይሰጣል። የማርቨልን ኮሚክስ በስልክ የሚያስነብበው ማርቨል አንሊሚትድ በወር 10 ዶላር ገደማ ነው፤ አዲሱ እትም ሱቅ ከገባ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ይገባበታል። ይህ ግን የ15ቱን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳልና ለአንድ ወር ብቻ ተመዝግበህ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት እያወረድህ፣ የምትፈልጋቸውን ፈትነህ ውጣ።

ለወንድምህ ያለቀ ሥራ ይሻላል። የጄፍ ስሚዝ ቦን ከ1991 እስከ 2004 በ55 እትም አልቋል፤ ሁሉም በጥቁርና ነጭ በአንድ ጥራዝ ከ1,300 በላይ ገጽ ሆኖ ይገኛል። ልጅም አዋቂም ያነበዋል። በአማርኛም ጀምበር አለ፤ የእኛው ሰው ባለ ልዩ ኃይል ጀግና የሆነበት፣ በእንግሊዝኛም የወጣ ነው። ወርኃዊ ባለመሆኑ በዚህ ሒሳብ አላስገባነውም እንጂ ለልጁ መጀመሪያ የምንሰጠው እሱን ነው።

ስለ አላላኩ አጭር ቃል፦ አንድ እትም 60 ግራም ገደማ ነው፤ አምስቱ 300 ግራም። የሚመጣው ሰው የሚፈራው ክብደቱን ሳይሆን መታጠፉን ነው። ከላይና ከታች ጠንካራ ካርቶን ተደርጎለት፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ መሃል ይግባ። ቦን ለብቻው ከኪሎ ይበልጣል፤ ቀድማ ታስፈቅድ። ማርቆስ ሲደርስ የክረምቱ እርጥበት ነው ጠላቱ። ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ ብታስቀምጠው እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ወረቀቱ ይሻግታል፣ ሽቦው ይዝጋል። ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ ከማድቤት ጢስ ርቆ፣ ቀጥ አድርገህ አቁመው።

የስድስት ወሩ ገንዘብ 90 ዶላር ነው። አጭሩ ተከታታይ 25 ያህል፣ ሁለቱ ጥራዞች 40 ያህል ይወስዳሉ። የሚተርፈው 25 ለሚቀጥለው ስድስት ወር ይሻገርና ቦን ይገዛበት። ለእህትህ የምትልከው እንግዲህ ይህን ነው፦

«አብሶሉት ባትማን፣ ዲሲ፣ የ2024ቱ፣ ጥራዝ 1፣ የወረቀት ሽፋን። አልቲሜት ስፓይደርማን፣ ማርቨል፣ የ2024ቱ እንጂ የ2000ው አይደለም፣ ጥራዝ 1። በተጨማሪ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከሚጀምሩት ባለ 5 እትም አጭር ተከታታዮች የሦስቱን ርዕስና የሠዓሊዎቹን ስም ከሱቁ ጠይቀሽ ላኪልኝ፤ አንዱን መርጬ እነግርሻለሁ። ዋናው ሽፋን ብቻ ይሁን። ምንም ክሮስኦቨር አትግዢ፣ ሻጩ ቢለምንሽም።»